መቋጠር እና መፍታት

ሃን የሚለውን የኮሪያንኛ ቃል ያስተማሩኝ የቋንቋ መምህሬ አይደሉም። አንዲት የሾርባ ቤት ባለቤት ናቸው።

ቦታው ቹንቾን ነው። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ሐይቅና ተራራ የከበበው ከተማ ነው። ለትምህርት ሄጄ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። ከማደሪያችን ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ምግብ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ተማሪው ሁሉ «ሃልሞኒ» ነው የሚላቸው፤ አያቴ እንደማለት። ከየት እንደመጣሁ የነገርኳቸው ቀን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከጓዳ ወጡ። «ኢትዮፒያ! ቡና! ወታደር!» አሉ። ከዚያ ሳህኔን ወስደው ሥጋ ጨመሩበት።

በቹንቾን ይሄ ብርቅ አይደለም። ከተማው ውስጥ ውሃ ዳር የኮሪያ ዘማቾቻችን ሐውልት ቆሟል። ጃንሆይ ራሳቸው በ1968 ሄደው አይተውታል። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ እኔም እናንተም መደመርና መቀነስ ላይ እንቀራለን።) እዚያው አጠገቡ፣ በዚያው ዓመት የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት እስካሁን ይሠራል። ቡና ቤት ስል እኛ እንደለመድነው ቢራ የሚወርድበት አይደለም። የምር ቡና ነው የሚሸጠው።

አንድ በረዶ የጣለበት ምሽት እራት ልበላ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ የድሮ ነገር ያሳያል። ምስሉ ደብዝዟል። ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ይጯጯሃሉ፣ ከዚያ ይተቃቀፋሉ፣ ከዚያ እንደተቃቀፉ መሬት ላይ ዝርግፍ ይላሉ። ድራማ መስሎኝ ስሙን ጠየቅኩ። ሃልሞኒ ጋዙን አጠፉ። እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸውን ሁለቴ ደቁ። «ሃን» አሉኝ። «እዚህ ጋ። የተቋጠረ።»

የዚያን ጊዜ ኮሪያንኛዬ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም። ማደሪያዬ ገብቼ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ሐዘን ይላል። ቂም ይላል። ጸጸት ይላል። አንዱን ስጠይቅ ሦስት መጣ።

ቃሉ መነሻው ቻይንኛ ነው። በቻይና ፊደል ሲጻፍ በግራ በኩል የልብ ምልክት አለው። ቻይናዎች ዛሬ በዚያው ፊደል ጥላቻን ይጽፉበታል፣ ጃፓኖች ቂምን። ኮሪያ ሲደርስ ግን ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ሌላው ላይ የሚወረወር መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ደረት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሆነ። በኮሪያ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ በአገሪቱ ስም ውስጥ ካለው ሃን፣ ሴኡልን አቋርጦ ከሚያልፈው ከሃን ወንዝ፣ «አንድ» ከሚለው ቁጥርም አይለይም። እኛ «አለ» ብለን ጽፈን፣ ተናገረ ለማለት ይሁን ይገኛል ለማለት አንባቢው ራሱ ይወቀው ብለን እንደምንተወው ማለት ነው።

ወደ አማርኛ ልመልሰው ብዙ ለፋሁ። ቁጭት? ቁጭት ያነሳሳል፤ ነገ የሚሠራ ነገር አለው። ብሶት? ብሶት ከአፍ ይወጣል፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይወራል። ቂም? ቂም አድራሻ አለው፤ እገሌ ላይ ነው የሚያዘው። ሃን አድራሻው የጠፋበት ቂም ነው ልል ቃጣኝ፣ ግን እሱም ልክ አልመጣም። ደረቴን የመታው ስሙ ሳይሆን ግሱ ነው። ኮሪያውያን ሃን «ተቋጠረ» ነው የሚሉት። እኛስ? ቂም እንቋጥራለን እንጂ መች እናስቀምጣለን። የሁለታችን ቋንቋ ዝምድና የለውም። እጃችን ግን አንድ ዓይነት ክር ይዟል።

አንድ ተረት አላቸው። ሴት ሃን ከቋጠረች በሐምሌም ውርጭ ይወርዳል ይላሉ። ሐምሌ እዚያ እንደኛ ብርድ አይደለም፤ አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። የድሀ እንባ መሬት አይወድቅም ስንል እንደኖርን፣ ይሄን ሲነግሩኝ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሳይፈታ ሲቀር በሽታም ይሆናል። ስሙ ህዋ-ብዮንግ ነው፤ የእሳት በሽታ። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ያለ ነገር ይቀመጣል፣ ፊት ይግላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባወጣው መመሪያ ላይ ከባህል ጋር የተያያዙ ሕመሞች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው፤ አማታቸውን፣ ባላቸውን፣ ድህነቱን ሁሉ ዝም ብለው በዋጡ ሴቶች ላይ። የእኛ እናቶች «እርር ድብን አልኩ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ሐኪም ጋ ሄዶ እርር ድብን ብያለሁ ያለ ግን አላውቅም። ጨጓራ ነው ተብሎ ነው የሚመለሰው።

ያን ሰሞን ሃን የሚሉት ነገር ያዘኝ። ዘፈኑም፣ ድራማውም፣ የምግቡ ቃሪያ እንኳ ሃን መሰለኝ። የኮሪያ ሰው ሐዘን በደሙ አለ፣ እያልኩ ለቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ድምፅ እልክ ነበር። አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት ያበረደችኝ። ሃን አለሽ ወይ ብዬ በቁም ነገር ጠየቅኳት። ሳቋን ለቀቀችው። «የአያቴ ነው እሱ። እኔ ያለኝ ዕዳ ነው» አለችኝ። የእሷ ዘመን ልጆች ሥራና ቤት አልቀመስ ሲላቸው አገራቸውን «ሲኦል ጆሶን» ብለው ነው የሚጠሯት። ጆሶን የድሮው ንጉሣዊ መንግሥት ስም ነው። ሐዘን አይደለም እሱ፤ ምላስ ነው።

በኋላ ማንበብ ስጀምር ይበልጥ አፈርኩ። ሃን የሚለው ቃል ድሮም ነበረ። ሃን የመላው ሕዝብ ጠባይ ነው የሚለው ሐሳብ ግን የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ጥንስሱ ላይ ደግሞ አንድ ጃፓናዊ አለ።

ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች። ያናጊ ሙኔዮሺ የሚባል የጥበብ ሐያሲ በዚያ ዘመን ኮሪያ ይመላለስ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የገዢዎቹ አስተዳደር በሴኡል ቤተ መንግሥት ፊት የቆመውን የጓንግህዋሙን በር ሊያፈርስ ሲነሳ በ1922 በጽሑፍ ተቃውሟል፤ በሩም ሳይፈርስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ነጩን የሸክላ ገንቦ ይወድ ነበር። እና ገንቦውን አይቶ፣ የጣሪያውን ጎባጣ መስመር አይቶ፣ የሕዝቡን ነጭ ልብስ አይቶ፣ የኮሪያ ውበት የሐዘን ውበት ነው አለ። መከራ የበዛበት ሕዝብ ስለሆነ መስመሩ ያለቅሳል፣ ነጩም የለቅሶ ልብስ ነው አለ።

እዚህ ላይ እኔ ሀበሻዋ ሳቄ መጣ። በኮሪያ ባህል ሐዘንተኛ ነጭ የቃጫ ልብስ መልበሱ እውነት ነው። ግን ነጭ ያየ ሁሉ ለቅሶ ካየ፣ ያናጊ ጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ቢመጣ ኖሮ ምን ሊል ነው? መቶ ሺህ ሰው ነጠላ ለብሶ እየጨፈረ!

ቀልዱን ትተን፣ ነገሩ አይዋጥልኝም። ያዘነ ሕዝብ ለገዢ ይመቻል። ያምራል፣ ያሳዝናል፣ ይታቀፋል። አመጸኛ ሕዝብ እንደዚያ አያምርም። ያናጊ ሐዘኑን እየጻፈ ባለበት ዘመን፣ መጋቢት 1 ቀን 1919፣ ኮሪያውያን ነፃነታቸውን አውጀው በየከተማው አደባባይ ወጥተው ነበር። በጥይት ነው የተመለሱት። እሱን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ቃል ሐዘን ባልሆነ ነበር።

ደግሞ ከቅኝ ግዛቱ በፊት የነበሩትን ሥዕሎች ተመልከቱ። ኪም ሆንግ-ዶ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የሳለው የቄስ ትምህርት ቤት የመሰለ ነገር አለ። አንድ ልጅ ተገርፎ ይሁን ሊገረፍ፣ ጀርባውን ለመምህሩ ሰጥቶ ያለቅሳል። ጓደኞቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። መምህሩ ራሱ ሳቁ ሊያመልጠው ነው። የሐዘን መስመር ፈልጌ አጣሁ። ኮሪያውያን ምሁራንም ከጊዜ በኋላ ይሄንኑ ነው ያሉት፤ ጭንብል ጨዋታችንስ? ገዢውን የምናላግጥበት ትያትራችንስ? የት ሄደ? ብለው ያናጊን ተከራክረውታል።

ታዲያ ሃን የሌላ ሰው ፈጠራ ነው ማለት ነው? ይሄን ለሃልሞኒ ለመንገር አንድ ቀን ሄጄ ነበር። አልነገርኳቸውም። ምክንያቱ አሪራንግ ነው።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ኮሪያ ሰፈር አካባቢ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዘማቾቹ ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ በየተራ ሄደው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል፣ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም ይባልላቸዋል። ከጎረቤታችን አንዱ ነበሩ። «አባባ አሥር አለቃ» ነበር የምንላቸው። ማታ ማታ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አንድ ዜማ ያንጎራጉራሉ። ቃሉ አይገባንም። ትዝታ ይመስላል፣ ግን ትዝታ አይደለም። እኛ ልጆቹ የፈጠሩት ቋንቋ መስሎን እንስቅባቸው ነበር። በደርግ ጊዜ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለነበር ስለ ዘመቻው ማውራት አይመችም ነበር፤ እሳቸውም አላወሩም። ዜማው ብቻ ቀረ።

ሃልሞኒ ሽንኩርት እየላጡ ያንን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እኔም አብሬ አሰማሁ፤ ቃሉን ሁሉ አበላሽቼ። አሥር አለቃ ያወረሱኝ አሪራንግ ነበር። ለጆሯችን ባዕድ ያልሆነው በከንቱ አይደለም፤ እንደ ትዝታ እሱም በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። ዩኔስኮ በ2012 ሲመዘግበው 3,600 ያህል ዓይነት አለው ተብሏል። በጣም የሚታወቀው ስንኝ እንዲህ ነው፦ እኔን ጥሎ የሚሄደው ወዳጄ፣ አሥር ሪ ሳይርቅ እግሩን ያመዋል። አሥር ሪ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ይሄማ እርግማን ነው» አልኳቸው። ሃልሞኒ ተቆጡኝ። «ምን እርግማን! እግሩን ካመመው አይመለስም እንዴ?»

በዚያው ቀን ነው የወንድማቸውን ነገር ያወጉኝ።

ጥር 1951 ነው። ሴኡል ለሁለተኛ ጊዜ በሰሜኖችና በቻይና ጦር እጅ ልትወድቅ ሕዝቡ በበረዶ ላይ ወደ ደቡብ ይጎርፋል። ሃልሞኒ እናታቸው ጀርባ ላይ ናቸው። ወንድማቸው ሰባት ዓመቱ ነው፤ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይሄዳል። አንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ሰው ሲጋፋ ቀሚሱን ለቀቀ። በቃ። ታሪኩ ይሄው ነው። እናቱ ከዚያ በኋላ የኖሩትን ዕድሜ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ዙሪያ ነው የኖሩት።

በየማታው ሩዝ ሲወጣ መጀመሪያ የእሱ ድርሻ ይወጣል። የድሮ ኮሪያ ቤት ወለሉ ነው የሚሞቀው፤ ከሥሩ እሳት ያልፍበታል። በጣም የሚሞቀው ጥግ ላይ ክዳን ያለው የሩዝ ሳህን ይቀመጥና በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ላመሸ ሰው ሩዝ እንዳይቀዘቅዝ ሁሉም ቤት የሚደረግ ነገር ነው። በሃልሞኒ ቤት ግን ያመሸው ሰው ሠላሳ ዓመት አመሸ። ጠዋት ጠዋት ያንን ሩዝ የሚበሉት እሳቸው ነበሩ። «በልጅነቴ ትኩስ ሩዝ ቁርስ ላይ በልቼ አላውቅም» አሉኝ፣ እየሳቁ።

ሰኔ 30 ቀን 1983 ኬቢኤስ የተባለው ጣቢያ በጦርነቱ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ የቀጥታ ፕሮግራም ጀመረ። የታሰበለት 95 ደቂቃ ነበር። የሄደው 138 ቀን ነው፤ በድምሩ 453 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። የሰው ብዛት ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ሰው በዮይዶ የሚገኘውን የጣቢያውን ሕንፃ ግድግዳ በወረቀት ለበጠው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ መንደር፣ የጠፋበት ቦታ። ግድግዳው ሲሞላ መሬት ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ በሰው አንገት ላይ። ስቱዲዮ ውስጥ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። አንዷ ሴኡል፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ጥያቄው የችሎት ይመስላል። የአባታችን ስም ማን ነበር? ከቤታችን ደጅ ምን ዛፍ ነበር? ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ? በየትኛው በኩል? ከዚያ አንዱ ጋ የሆነ ነገር ይበጠሳል፤ «አይጎ!» የሚለው ጩኸት ይነሳል። አይጎ የእነሱ «ወይኔ» ነው።

በዚያ ፕሮግራም 10,189 ቤተሰብ ተገናኝቷል። ፊቱን በቴሌቪዥን ያሳየው ግን ከ53 ሺህ በላይ ነው። አስቡት፤ ከአምስቱ አራቱ ወረቀቱን አጥፎ ነው የተመለሰው። የሃልሞኒ እናት ከእነሱ አንዷ ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ወረቀቱን የጻፈችላቸው ልጃቸው ናት። በሐምሌው ዝናብ ቀለሙ እየፈሰሰ ሁለቴ ደግመው ጽፈውታል። ያቺ ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት ይሄንን ነበር። ሃልሞኒ ጋዙን ያጠፉት ለዚህ ነበር።

ስለ ያናጊ ልነግራቸው ሄጄ ነበር ብያችኋለሁ። ምን ልበላቸው? ይሄ ደረትዎ ላይ ያለው ነገር የሐያሲ ፈጠራ ነው? ስሙ ዘግይቶ የወጣለት ሕመም ሕመም አይደለም እንዴ?

ይልቅ ያመለጠኝን ነገር ያየሁት ከቃሉ ጎን ባለው ሌላ ቃል ነው። ፑሪ። መፍታት ማለት ነው። ሃን የተቋጠረ ከሆነ ይፈታል፤ ሃን-ፑሪ ይባላል። እና ይሄ ፑሪ የማይገባበት ቦታ የለም። ንዴትን ሌላ ሰው ላይ መወጣት ፑሪ አለው። የሒሳብ ጥያቄ መሥራት ፑሪ ነው። ትናንት ብዙ ጠጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት የሚጠጣው ትኩስ ሾርባ የሆድ ፑሪ ነው፤ የሃልሞኒ ቤት ግማሽ ገቢ ከዚያ ነው። ሥራ አልቆ ሰብሰብ ብሎ መጠጣትም ፑሪ ነው፤ እኛ «ፈታ እንበል» የምንለው፣ በቁሙ። እኛም ህልም እንፈታለን፣ ጾም እንፈታለን፣ እንቆቅልሽ እንፈታለን። እና ሰው ሲሞት ቄሱ የሚያደርሱት ጸሎት ምንድነው ስሙ? ፍትሐት። ይሄ ቃል ከአፌ ሳይጠፋ የኖረ ቃል ነው፤ መፍታት መሆኑ የተሰማኝ ግን ኮሪያ ሄጄ ነው።

የእነሱን ፍትሐት በዓይኔ አይቻለሁ። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ጂንዶ የምትባል ደሴት አለች። ሺትኪምጉት የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ሙትን የማጠብ ሥርዓት። ከ1980 ጀምሮ በመንግሥት ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ ያየሁት ለጎብኚ የሚቀርበውን ነው፣ ቢሆንም አጠገቤ የነበሩ እናቶች ያለቅሱ ነበር። የሟቹ ልብስ ሰሌን ውስጥ ይጠቀለልና እንደ ሰው ይቆማል። ሥርዓቱን የምትመራው ሴትዮ በጭቁኝ ውሃ፣ በዕጣን ውሃ፣ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥበዋለች። ደግሞ ረጅም ነጭ ጨርቅ አለ፤ በየቦታው ቋጠሮ የተቋጠረበት። አንዱን ጫፍ ምሰሶ ላይ አስረው ሌላውን እሷ ትይዛለች። እየዘፈነች፣ እያወዛወዘች፣ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ትፈታዋለች። በእጇ አትነካካውም፤ ነቅነቅ ስታደርገው ይለቃል። የመጨረሻው አልለቅ አላት። ከበሮ መቺው አብሮ ዘገየ። ሦስት ጊዜ አወዛወዘችው። ሲለቅ አጠገቤ ያሉት እናት «ኡፍ» አሉ፤ እንደ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው።

በዚያችው ደሴት ፔንግሞክ የሚባል ወደብ አለ። በማግስቱ ሄድን። ሚያዝያ 16 ቀን 2014 ሴዎል የተባለች መርከብ ከጂንዶ አጠገብ ሰጥማ 304 ሰዎች አልቀዋል። 250ው የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ ለሽርሽር እየሄዱ ነበር። በድምፅ ማጉያ «ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ» ተባሉ። ታዛዥ ልጆች ስለሆኑ አልተንቀሳቀሱም። ካፒቴኑ ቀድሞ ወጣ። ወላጆቹ ወደቡ ላይ ድንኳን ጥለው ለሳምንታት ወደ ባሕሩ አፈጠጡ። እኔ ስደርስ ለመታሰቢያ የታሰረው ቢጫ ሪባን በፀሐይ ነጥቷል። ከባሕሩ ጠርዝ ላይ አዲስ ስኒከር ነበረ። ቁጥር 42። ማሰሪያው በደንብ ታስሯል። አጠገቡ ያልተከፈተ ቸኮሌት።

የጋራ ሐዘን ይባላል፤ ግን የሁሉም አልነበረም። ወላጆቹ እውነቱ ይጣራ ብለው ጓንግህዋሙን አደባባይ ድንኳን ተክለው ሲጾሙ፣ በመስከረም 2014 የተወሰኑ ወጣቶች ከፊታቸው ተሰብስበው ፒዛና ዶሮ በሉ። ሆን ብለው፤ ለማብሸቅ። «አሁንስ ሰለቸን» የሚል ሰውም ሞልቶ ነበር። ያናጊ የሣለው አንድ ልብ ያለው ያዘነ ሕዝብ እዚያ አደባባይ ላይ አልነበረም። የተጣላ አገር ነበር።

መርከቧ ከባሕር የወጣችው በ2017 ነው። 5 ሰዎች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ወላጆቹ ከምንም በላይ ይጠይቁ የነበረው ለምን የሚለውን ነው። ማን ምን አዘዘ? ማን ዝም አለ? በጨርቁ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች በዘፈን ይለቃሉ። ይሄኛው ግን ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው ያለው፣ ያ ሰው ደግሞ ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል። በጃፓን ጦር የወሲብ ባርነት የተገደዱት አያቶችም ነገራቸው እንደዚሁ ነው። ኪም ሃክ-ሱን በ1991 በአደባባይ ስሟን ተናግራ ከመሰከረች በኋላ፣ ከጥር 1992 ጀምሮ በየረቡዑ ጃፓን ኤምባሲ ፊት ሰልፍ ይወጣል። እነሱ እያረጁ፣ እየሞቱ፣ ረቡዕ ግን መጣ ሄደ።

ፖለቲከኛውና ጋዜጠኛው ደግሞ ቃሉን አርክሰውታል። ደቡብ ኮሪያ የእስያን የእግር ኳስ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው በ1960 ነው። በ2024 ውድድሩ ሲደርስ «የ64 ዓመት ሃን» እያሉ ጻፉ። በዮርዳኖስ 2 ለ 0 ተሸነፉ። የክፍሌ ልጅ ዜናውን ላከችልኝና ከሥሩ «አየሽ፣ አሁን እኔም አለኝ» ብላ ጻፈች።

ከአገሩ ልወጣ የቀረኝ ሳምንት ነበር፤ የጥናት ወረቀቴን አስረክቤ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ሃልሞኒ ጋ ደረስኩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ይቅርታ ብዬ ልመለስ ስል «ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። ሾርባውን እንደገና ጣዱ። ከጓዳው ጥግ እንደ ትንሽ ፍሪጅ ያለ የብረት ሳጥን አለ፤ የሩዝ ማሞቂያ ነው፣ ሁሉም ምግብ ቤት ያለው። ከፈቱት። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድ ክዳን ያለው የብረት ሳህን ብቻ። እጃቸውን አቃጥሏቸው «አይጎ» እያሉ ፊቴ አስቀመጡት።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«ያመሸ ሰው ነዋ።» የማሽኑን በር በዳሌያቸው ገጭ አድርገው ዘጉት። «እናቴ ይሄን ማሽን ብታገኝ እኮ ብርድ ልብሷን ለእኔ ታለብሰኝ ነበር።»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፣ ወንበር አውርደው ከፊቴ ተቀመጡ፣ እስክጨርስ ድረስም የአሥር አለቃን አሪራንግ እንደገና አበላሽቼ እንድዘፍንላቸው ነዘነዙኝ።